ፊተኛው ለማንሳት

ሰውዬውን የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቆይማ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። አውቶቡስ ተገትሮ፣ ተሳፋሪ እየተንጫጫ፣ አለቃ ሰዓቱን እያየ፣ እሱ ሞተሩን ከፍቶ አገጩን እያከከ «ቆይማ» ይላል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ስሙ አልለቀቀውም። ሚስቱ እንኳ ስትናደድ በዚሁ ስም ነው የምትጠራው፤ ደስ ሲላት ደግሞ «አንተዬ» ትለዋለች። በዚያ ሳምንት «አንተዬ» የሚባል ነገር ከቤቱ ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ አራት ላሞች አሏት። ከሦስት ወር በፊት እበት እየዛቀች ሳለ አዳልጧት ወደቀችና ቀኝ ትከሻዋ ተጎዳ። ሐኪሙም አካፋ የሚባል ነገር እንዳትነካ፣ መሳብና መጎተትም ክልክል መሆኑን ነገራት። ከዚያ ወዲህ የሚገፋ በር ሲያጋጥማት በመዳፏ ገፍታ ታልፋለች፤ የሚሳብ ሲሆን ግን ፊቱ ቆማ «የት ገባህ?» ብላ ትጣራለች። የፍሪጁን በር እንኳ የሚከፍትላት ባሏ ነው። በረቱን በእጅ መዛቁን የእሱም ወገብ አልቻለውም።

ይህን የሰማው ትልቁ ልጃቸው ቅዳሜ ጠዋት የላም ገዢ ይዞ እንደሚመጣ ደውሎ ነገራቸው። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ለእናቱ አስቦ ነው። እናትየው ግን ስልኩን ዘግታ በረት ገባች፣ ብዙም ቆየች። ቆይማ በበሩ ስንጥቅ ሲያይ፣ ግንባሯን «እመቤት» ብላ በምትጠራት ላም አንገት ላይ አስደግፋ ቆማለች። በሩን ሳይነካ ወደ ግቢው ተመለሰ።

«ቆይማ» አለ ለራሱ።

ግቢው ውስጥ ያለችው ትራክተር ትንሽዬ ናት። ጋሪ ከመጎተትና የኋላ ማረሻዋን ከማንሳት ሌላ ሥራ አታውቅም። ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው፣ ማረሻውን የሚያነሳው የዘይት ፓምፕም ጉልበቱ አልደከመም። ከፊቷ ትልቅ አካፋ ቢገጠምላትና ዘይቱ ወደዚያ መንገድ ቢያገኝ፣ ሚስቱ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች በረቱን በሩብ ሰዓት ታጸዳዋለች። አካፋውን ከነክንዱ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አመጣ። የቀረው መቆጣጠሪያው ነበር፦ ዘይቱን «በዚህ ሂድ፣ በዚያ ተመለስ» የሚል ቫልቭ፣ አራት ቱቦ፣ አንድ እጀታ። እጀታው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲል አካፋው ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ወደ ጎን ሲል ደግሞ ያዘነብላል።

አውቶቡስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነካም። ስለዚህ ለድሮ ወዳጁ ደወለ። ወዳጁ ዕድሜውን ዶዘር ላይ ስለጨረሰ ስሙም «ዶዘር» ነው፤ ስልክ ሲያወራ ዛሬም ሞተር የሚጮህበት ይመስል ይጮሃል።

«ስማኝ! ቫልቩ ለማንሻው ሁለት የቱቦ አፍ አለው አይደል? ፊተኛው ለማንሳት፣ ኋለኛው ለማውረድ! ከዚያ እጀታውን ወደ ራስህ ስትስበው ይነሳል፣ ስትገፋው ይወርዳል። ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው!»

«ፊተኛው ለማንሳት» ብሎ ደገመ ቆይማ።

ችግሩ ቆይማ ሥርዓት የሚወድ ሰው መሆኑ ነው። ገና ቫልቩን ከካርቶን ሲያወጣው አፎቹን በነጭ ቀለም አንድ፣ ሁለት ብሎ ቁጥር ጽፎባቸዋል። ለእሱ ፊተኛው ማለት አንድ ቁጥር ነው። ለዶዘር ደግሞ ፊተኛው ማለት በትራክተሩ ፊት በኩል ያለው ነው። አንድ ቁጥር የተጻፈው ግን ከኋላ፣ ወደ ወንበሩ ባለው አፍ ላይ ነበር። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ስልኩን ዘጉ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ቱቦ አጥብቆ፣ ዘይቱን ሞልቶ፣ እጁን ሳይጠርግ የልጁ መኪና ጥሩምባ በሩ ላይ ተሰማ። ሚስቱ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወጣች።

«አለቀ?»

«ቆይማ፣ አንዴ ልሞክረው።»

«የቆይማ ጊዜ አልፏል» አለችና ትራክተሯ ላይ ወጣች።

«እሺ፣ ወደ ራስሽ ሳቢው፣ ይነሳል።»

እጀታውን አየችው፤ ቀጥሎ ትከሻዋን። «ልሳበው?» አለች ቀስ ብላ።

ቆይማ ያን ጊዜ ገባው። ጠዋት ፍሪጅ የከፈተላትን ሴት፣ ክብደት ባነሳች ቁጥር፣ ግራዋ መሪ ላይ ስለሚሆን፣ በቀኝ እጇ የምትስበው እጀታ ፊት አስቀምጧታል። አራት ቀን ሙሉ ቁልፍ ሲያዞር ይህ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«እማዬ፣ ውረጂ በቃ» አለ ከገዢው ጋር የደረሰው ልጅ። «እኔ ልሞክረው። ለእኔም ከከበደኝ ነገሩ አለቀ።»

እናቱ ስትወርድ እሱ ወጣና ሞተሩን አስነስቶ አካፋውን እበቱ ውስጥ ሰካው። እጀታውን ሳበው። አካፋው ሊነሳ ሲጠበቅ ወደ መሬት ተጫነ፤ የተነሳችው ትራክተሯ ነበረች! የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ለቀቁ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ዞረ። ገዢው ዘሎ ከበሩ ኋላ ተሸጎጠ። እመቤት ማመንዠኳን አቆመች።

«አባባ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ግፋው! ወደ ፊት ግፋው!»

ልጁ ገፋው። ትራክተሯ ቀስ ብላ በአራት እግሯ ቆመች፣ ከዚያም አካፋው እበቱን እንደተሸከመ ሽቅብ ተነሳ።

«ተገላብጦብኛል» አለ ቆይማ ላብ እያጠመቀው። «ፊተኛው ሲለኝ እኮ... ቱቦዎቹን ላቀያይራቸው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ...»

«ቁልፉን ብትነካ ወዮልህ!» አለች ሚስቱ። ልጇን በዓይኗ ከወንበሩ አውርዳ ወጣች። እጀታውን በመዳፏ፣ በር እንደምትገፋው ገፋችው። አካፋው ተነሳ። ፊቷ ላይ ሕመም የሚባል ነገር ዝር አላለም። ለማውረድ በግራ እጇ ጣቶች ቆንጠር ማድረግ በቃት፤ ቀሪውን ክብደቱ ራሱ ሠራው። በረቱን ሁለት ጊዜ ተመላልሳ፣ ሦስተኛውንም ጨርሳ፣ ሞተሩን አጠፋች።

«የኔ ወንድም» አለችው ገዢውን እየሳቀች፣ «ባዶ እጅህን ከምትሄድ እበት ውሰድ። ተዝቆልሃል።»

ገዢው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እናቴ፣ ላሞቹን ተውኳቸው። ትራክተሯን ግን አይሸጧትም?»

ልጁ ግን አልሳቀም። እናቱን ሲያያት ቆየና «ወር ሙሉ እንዲህ ስትስቂ አላየሁም» አለ። ስለ ሽያጭ ዳግመኛ አላነሳም።

ሰዎቹ ለመሄድ ሲሰናዱ ቆይማ ነጭ ቀለሙን ይዞ እጀታው ሥር ተንበርክኮ ነበር። ልጁ ከጀርባው ጎንበስ ብሎ አነበበ፦ «ግፊ፣ ይነሳል»።

«አባባ፣ ‹ግፋ› በለው እንጂ። ሌላ ሰው ቢነዳውስ?»

«ሌላ ሰው አይነዳውም» አለ ቆይማ፣ ቀና ሳይል።

ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ። «አንተዬ! ፍሪጁን ክፈትልኝ እስቲ!»

ቆይማ «ቆይማ» አላለም። ብሩሹን ጣለና ሮጠ።