መኪናዋ ፀጥ ብላ ትምጣ

ድምፁ ከመታጠፊያው ወዲያ ነበር። ሞተር ነው፤ ግን መንገድ ላይ ያለ መኪና እንዲህ አይጮኽም። ማርሽ ሲቀየር ዝቅ፣ ዳገት ሲይዝ ከፍ ማለት ነበረበት። ይኼኛው ግን ነገር እንደያዘው ሰው በአንድ ቁመት ይጮኻል።

ከጋራዤ በር ላይ፣ በተጋደመ ጎማ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የቆየ ጨዋታዬ ነው፤ ቢቸና የሚገባውን መኪና ሳላየው በድምፁ ማወቅ። ብቻውን የሚውል ሰው የሚጫወተው አያጣም። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ ዕድሜዋ ከኔ ብዙ የማያንስ፣ አልኩ በልቤ። ሚኒሞዋ ደግሞ ሁለት ሺህ ደርሷል። ሚኒሞ የምንለው ማንም ነዳጅ ሳይረግጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበትን ፍጥነት ነው፤ ጤነኛ መኪና በደቂቃ ከሰባት መቶ ዙር ብዙ አይርቅም።

ዓይኔን ስገልጥ አንዲት ነጭ አሮጌ የቤት መኪና ፊቴ ቆማለች። ከውስጧ ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ መምህር አካለ ወልድ ወረዱ።

«እዮብ፣ ሰው ሆንክ?»

«እየሞከርኩ ነው መምህር። ያጥፏት እስቲ፣ መንደሩ ተነቃነቀ።»

«የዚህ መንደርስ ምን አለው። ከሞጣ ጀምሮ ሕዝብ እየወጣ ሲያየኝ ነው የመጣሁት። ደብረ ወርቅ ላይ አንዱ ጋሪውን ጥግ አስይዞ አሳለፈኝ፤ በሽተኛ የያዝኩ መስሎት።»

ጎማዬን ለቀቅኩላቸው። ተቀምጠው ላባቸውን እየጠረጉ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ። እዚሁ ቢቸና ያለው የእህታቸው ልጅ ስጦታው፣ ሞጣ ያለችውን ሰብለ ወንጌልን ይፈልጋል። እሷም አልጠላችውም ይባላል። አባቷ ግን ጋሽ ወንደሰን ናቸው፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ «ይኼን እንኳ ወንደሰን ይየው» የሚባልላቸው መካኒክ።

«መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ተመካክረን እናሳውቃችሁ አሉን። ወግ ነው፣ አይከፋም። ያን ለታ መኪናዋ ስትጮህ ሰሙና በራሳቸው እጅ ኮፈኗን ከፍተው አዩልኝ። ኮምፒዩተር ሰኩባት፣ አየር የሚለካው ሴንሰር ነው አሉ፣ ቀየሩት። እዚያው አደርን። ጠዋት ስትነሳ ድምፅ የላትም። መርቄያቸው ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ጉንደ ወይን ላይ ጀመረቻት።»

ሁለተኛው ሽምግልና ዛሬ ነበር። መኪናዋ ከአስፋልቱ ጀምራ እየጮኸች እጋሽ ወንደሰን በር ደረሰች። ጎረቤት ወጣ፤ ጋራዡ ውስጥ የነበረው ደንበኛ ሁሉ ዞረ። መምህርም በመንገድ ግማሽ ቀን ጆሯቸው ሲደነቁር ስለመጡ ምላሳቸውን መያዝ አቃታቸው። «ይኸውልዎ ያዳኑልኝ መኪና!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ምንም። በሩን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ‹መኪናዋ ፀጥ ብላ ትምጣ፤ ስለ ልጄ ያን ጊዜ እናወራለን› አሉና ዘጉት።» መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። «የፊታችን እሁድ ሦስተኛችን ነው። ሦስቴ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሽማግሌ አራተኛ አይሄድም። ልጁን ምን ብዬ ነው ቀና ብዬ የማየው?»

«ከጋሽ ወንደሰን ሌላ የነካት ሰው አለ?»

«ማንም።»

መኪናዋን ጋራዤ አሳድረው በማግስቱ ጠዋት መጡ። ሞተሩን ሳስነሳው ትንሽ ከፍ አለ፣ ከዚያ ሰባት መቶ ሃምሳ ላይ ረጋ። የተኛ ሕፃን ያህል ነው የሚተነፍሰው።

«ዳነች እኮ!» አሉ መምህር።

«ኧረ ገና አልነካኋትም። ይቀመጡ።»

«ቁጭ ብለን ምን ልንሠራ?»

«ምንም። እንጠብቃታለን።»

ሌላ መካኒክ ይኼን ጊዜ መፍቻውን ያነሣ ነበር። እኔ ግን የምታወቀው በዚህ ነው፤ መኪና ሲመጣልኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሰፈሩ ሰነፍ ይለኛል። ሁለታችንም ራዲያተሩ ላይ የምታንዣብበውን ንብ አየን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ድምፁ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ ማንጎራጎር፣ ከዚያ ያው ጩኸት። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቷም በራ። ከጎረቤት የተዋስኩትን መመርመሪያ ሰካሁ። የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በዝቷል።

«ሴንሰሩ ነዋ» አሉ መምህር ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«አይደለም። አሮጌው ሴንሰር አየር በዛ አለ፤ ዋሸ ተብሎ ተቀየረ። አዲሱም መጥቶ ያንኑ አለ። ሁለቱ ደግሞ አይተዋወቁም።»

«ሁለት ምስክር» አሉ መምህር፣ ቀና ብለው።

«ሁለት ምስክር። አየሩ እውነትም በዝቷል ማለት ነው። የሆነ ቦታ ሳይፈቀድለት የሚገባ አየር አለ፤ ግን ሲሞቅ ብቻ ነው የሚገባው። ጋሽ ወንደሰን ጠዋት በብርድ ነው የፈተኗት።»

የአንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ እያደረግኩ አዳመጥኩ። ከጀርባ በኩል፣ ጣት የምታህል ቱቦ አጠገብ፣ እባብ የመሰለ ፉጨት አለ። የሳሙና ውኃ ረጨሁበት፤ ሞተሩ ተንተባተበ፣ ጩኸቱ ለአፍታ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። ተገኘ።

ቱቦዋ ወገቧ ላይ በጥቁር ነገር ተጠምጥማለች። የኤሌክትሪክ ፕላስተር መሰለኝ። ስነካው ግን ጣቴ ላይ ተሳበ። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ከአቧራውና ከዘይቱ ሥር ቢጫ ነው። አሸተትኩት። የማኅሌት ሌሊት ሽታ አለው።

«መምህር፣ ይኼ ጧፍ ነው።»

መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ተጠግተው አዩ፣ አወለቁ።

«እሱማ እኔ ነኝ።»

«ማንም አልነካትም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ሌላ የነካት ሰው አለ ወይ ነው ያልከኝ። በገዛ መኪናዬ እኔ ሌላ ሰው ነኝ?»

ሳቄን ለመያዝ ኮፈኑ ውስጥ ጭንቅላቴን ከተትኩ። አምና በዐቢይ ጾም ወደ ደብረ ኤልያስ ሲሄዱ ቱቦዋ ተሰንጥቃ መንገድ ላይ ፉጨት ጀመረች። ለቤተ ክርስቲያን የያዙት ጧፍ ነበር። በፀሐይ አለሳልሰው ሰባት ዙር ጠመጠሙባት። ደርሰው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ትዝ ብሏቸውም አያውቅ። በዓመቱ ሰሙ እየቀለጠ ሳስቷል፤ ፈትሉ የያዘው ቅሪት ሲበርድ ይጠነክርና ስንጥቁን ይደፍነዋል፣ ሲሞቅ ይለሰልስና አየር ያሳልፋል፣ ተመልሶ ሲበርድ እንደገና ይደፍናል። እንዲህ ያለ ነገር በማንም መካኒክ መጽሐፍ አይገኝም።

ከወላለቀ ሚኒባስ ላይ ልኳን ቱቦ አግኝቼ ቀየርኩ፣ አጥብቄ አሰርኩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሰባት መቶ። መብራቱም ጠፋ። መምህር ግን ደስ አላላቸውም።

«ሰውየውን በደጁ፣ በደንበኛው ፊት አዋርጄዋለሁ» አሉ።

«ፀጥ ብላ ትምጣ ነው ያሉት። ሌላውን ባይነግሯቸውስ?»

አሮጌውን ቱቦ ከነጧፉ በጋዜጣ ጠቀለሉና «እሁድ ትመጣለህ፤ ሦስተኛው ሽማግሌያችን ወገቡን ታሟል» አሉ።

«እኔ? ሃያ አራት ዓመቴ ነው እኮ።»

«ጋቢ ይዘህ ና።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣን። ሁለተኛው ሽማግሌ ቄስ ወልደ ኪዳን ከፊት፣ እኔ ከአባቴ ጋቢ ጋር ከኋላ። ሞጣ እስክንገባ መምህር ነዳጅ በረገጡ ቁጥር ልቤ አብሮ ይረገጥ ነበር። ጋሽ ወንደሰን በራቸው ላይ ቆመዋል።

«አታጥፏት» አሉ።

ሰላምታም ሳይሰጡ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው አዳመጡ። ሰዓታቸውን አዩ። እንደ መካኒክነቴ ገባኝ፤ እንደገና ወደ ላይ ትወጣ እንደሆን እየጠበቁ ነው። በዚያ ቆይታ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ይኼስ?»

«ሦስተኛው ሽማግሌ» አሉ ቄስ ወልደ ኪዳን።

«ጢም ያላበቀለው?»

«ጆሮው ነው የሸበተው፤ በሽታዋን ያገኘው እሱ ነው» አሉ ቄሱ።

ጋሽ ወንደሰን ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ። ሩብ ሰዓት አለፈ። መኪናዋ ያው ናት።

«ቃል ቃል ነው። ግቡ።»

ሳሎን እንደተቀመጥን «ምኗ ነበር?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ምንጣፉን አየሁ። መምህር አካለ ወልድ ተነሥተው ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ ሲናገር ነገሩ ከባድ ነው።

«የእርስዎ ሴንሰር ጤነኛ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። በሰው ፊት የተናገርኩዎትን በሰው ፊት እመልሳለሁ፤ ጎረቤትዎን ይጥሩ።» ጋዜጣውን ፈትተው ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ጋሽ ወንደሰን አነሷት። አሸተቱ። ዙሩን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሰባት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ቄሱም ተከተሏቸው።

«ፕላስተር መስሎኝ በእጄ ነክቼ ያለፍኳት እኮ ናት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሠላሳ ዓመት ሠርቼ! ይቀመጡ መምህር፤ ጎረቤት አያስፈልግም። ተካክሰናል።» ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «በኔ በኩል አልቋል። የቀረው የእሷ ነው። ሰብለ!»

ሰብለ ወንጌል ከጓዳ ወጣች። ረጅም ናት፤ የምታየውን ነገር እስከ መጨረሻው የምታይ ዓይነት።

«ሰምተሻል?» አሏት አባቷ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የምሰማው። ሰፈሩም ሲሰማ ከርሟል።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

ቱቦዋን አየች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ እኔንና ጋቢዬን አየችና ፈገግታዋን ዋጠች። ወደ መምህር እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

መምህር ሳያስቡት ሰጧት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን።

«ተነሣች?» አሉ ቄስ ወልደ ኪዳን ጆሯቸውን አቁመው።

«ተነሥታለች» አልኩ። ከኔ በቀር የሰማት አልነበረም።

የግቢው በር ተከፈተ። ማርሽ ገባ። አባቷ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሥተው ቀሩ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወደ ገበያው አልታጠፈችም። አስፋልቱ ላይ ስትወጣ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ማርሽ አስገባች፤ አቅጣጫዋ ወደ ቢቸና፣ ስጦታው ወዳለበት ነው።