ኮፈኑን የነካ እጅ

የብርጓል ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ከመኪናው ኮፈን ላይ ልታሳርፍ ጥቂት ነው የቀራት። ከኋላዋ አወቀ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከሳታል።

«ራስዎ ይዩት፣ አቶ ታረቀኝ። ትናንት ከዚህ ሳወጣት መስታወት ትመስል ነበር። ዛሬ ጠዋት ስነሣ ይኼ ሁሉ ዥንጉርጉር ወጥቶባት አገኘኋት። ከአዲስ አበባ መጣ የተባለው ኬሚካል ሥራው ይኼ ነው። ሰርግ እያለብኝ አዋረደችኝ።»

አቶ ታረቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጥቁር ሰማያዊዋን ቪትዝ ዞሯት። የሆቴል ባለቤት ናቸው፤ እንግዳ የሚያመላልሱ ሦስት ሚኒባሶች አሏቸው። «የአወቀን መኪና ልይና ካማረኝ የእኔንም ላንቺ እሰጣለሁ» ካሏት ሁለት ሳምንት አልፏል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪና የሚያጥብ ሞልቷል፤ እንደ የብርጓል ቀለም በእጁ የሚንከባከብ ግን የለም። አዲስ አበባ አምስት ዓመት ወገቧ እስኪቆረጥ ተምራው ስትመለስ ግቢውን የሚጋሯት የላቫጆ ወንዶች «ሴት ደግሞ ምን ልትሠራ» ብለው ስቀውባታል። ዛሬም ከእነሱ ሁለቱ የውሃ ቱቧቸውን እንደያዙ ቆመው ያዳምጣሉ። እዚህ ላይ ከወደቀች ከእንግዲህ ማንም መኪናውን አያምናትም፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ሥራው ጥድፊያ አይወድም። መኪናው ታጥቦ፣ ቀለሙ ላይ የተጣበቀው ቆሻሻ ሁሉ ከተለቀመ በኋላ ከአዲስ አበባ ያመጣችው የቀለም መከላከያ ፈሳሽ በጨርቅ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ያ መከላከያ ቀለሙን አጥብቆ እስኪይዝ አንድ ሌሊት ይፈልጋል፤ በዚያ ሌሊት ውሃም ሆነ ቅባት ሊነካው አይገባም። በማግስቱ በላዩ ላይ ሰም ይቀባል። መከላከያው ከፀሐይና ከዝናብ ያድናል፤ ሰሙ ደግሞ ዓይን የሚስበውን ውበት ይሰጣል። ከተቸኮለ ሁለቱም ከንቱ ናቸው። ትናንት ይህን አንድ በአንድ ነግራው «እዚሁ ጣሪያ ሥር ትደር» ብትለው፣ አወቀ «መኪናዬን ሰው ግቢ አላሳድርም» ብሎ ይዟት ሄደ። «እንግዲያው ማንም እንዳይነካት» ብትለው ደግሞ «ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?» ነበር መልሱ።

አሁን ዥንጉርጉሩን በጣቷ ዳበስ አድርጋ አሸተተችው። ለጋ ቅቤ ነው። ከኮፈኑ መሐል ወደ ታች የአራት ጣት ፈለግ ወርዷል፤ ዙሪያውን ደግሞ አንድ ሰው በደረቅ ጨርቅ አሽቶ አሽቶ በትኖታል።

«ቅቤ ነው» አለች ቀና ብላ።

«ምን?»

«ቅቤ። መኪናዋን ቅቤ ቀብታችኋታል።»

አወቀ ሳቀ። «ሰሙልኝ፣ አቶ ታረቀኝ? እንዴት ያለ ሰበብ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ መኪና ቅቤ የምቀባ እብድ እመስልሻለሁ? ጥፋትሽን አምነሽ ዝም ብትዪ ይሻልሽ ነበር።»

ደሟ ፈላ። ሰው ሲሳሳት ታልፋለች፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሲዋሽ ግን አትታገሥም። ደግሞ አይታዋለች። ሲስቅ ዓይኑ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ወንበር ሄዶ ተመልሷል። እዚያ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ከመጡ ጀምሮ ተቀምጠዋል። አወቀ እናቴ ናቸው ብሎ ለማንም አላስተዋወቃቸውም፤ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ሲሆንም ውረጂ አላላቸውም።

በሩ ተከፈተ። አሮጊቷ፣ እማማ ያለምወርቅ፣ የበሩን ጠርዝ ተደግፈው ወረዱ።

«ልጆቼ፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል? እኔ ነኝ የቀባኋት።»

«እማ፣ ተመለሽ ግቢ። ይኼ አንቺን አይመለከትም» አለ አወቀ በጥርሱ መሐል።

«እንዴት አይመለከተኝም? እኔ ቀብቼ የሰው ልጅ ሲሰደብ?» እማማ ያለምወርቅ ወደ አቶ ታረቀኝ ዞሩ። «ለዘመዳችን ሰርግ ብዬ ትናንት ነው ከአገሬ ከሮብ ገበያ የወረድሁት። ከቤታችን መኪና የያዘ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ገና ሳይነጋ ወጣሁና እየመረቅሁ ግንባሯን ቀባኋት። ሙሽራስ ይቀባ የለ? ነውር መሆኑን ማን ነገረኝ። እሱ ሲያይ ተቆጣ፤ በሸሚዝ ጠረገውና አንቺ ዝም በይ አለኝ።»

ከወንዶቹ አንዱ ውሃውን ዘጋ።

የብርጓል ቁጣዋ ከቅቤው ላይ ተነሥቶ እንዳለ አወቀ ላይ ወረደ። የአሮጊቷ እጅ ባለማወቅ ነው ያበላሸው። የእሱ ምላስ ግን እያወቀ ነው የመጣው።

«ታውቅ ነበር» አለችው። «እያወቅህ ነው አቶ ታረቀኝን ጠርተህ ስሜን ያጠፋኸው። እናቴ ቀባችው ማለት አሳፈረህ፤ እኔን በሰው ፊት ማዋረድ ግን አላሳፈረህም።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም። አንተ ስትከሰኝ መቼ ቀነስህ?»

አወቀ ጫማውን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ይቅርታ ከአፉ የሚወጣ አይመስልም። «እሺ፣ ሆነ እንበል። በላዩ ሰሙን ቀቢበትና ልሂድ። ከላይ ካብረቀረቀ ማን ያውቃል? ሰርጉ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፤ ሙሽሮቹን የማመላልሰው እኔ ነኝ።»

አቶ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለሰርጉ ከሆነስ፣ ለአንድ ቀን ምን አለበት? ቀቢለትና ሰላም ይውረድ።»

የብርጓል መደርደሪያዋን አየች። ሰሙ እዚያ ላይ ነው፤ ቀብታ ብትወለውለው በአንድ ሰዓት ውስጥ ኮፈኑ ፊት ያሳያል። አወቀ ይሄዳል፣ አቶ ታረቀኝ ደስ ይላቸዋል፣ ምናልባት ሦስቱም ሚኒባሶች ሰኞ ይመጣሉ። ይህን ማሰቧ ራሱ አናደዳት።

«አይሆንም፣ አቶ ታረቀኝ» አለች። «አክብሬዎት ነው የምናገር። ከሥር ቅቤ እያለ የተቀባ ሰም የግንቦት ዝናብ ሁለት ጊዜ ሲወርድበት ይላጣል። ያን ጊዜ ይኼ ሰው እንደገና እርስዎ ዘንድ መጥቶ ስሜን ያነሣል። የእርስዎንም መኪና እንዲህ አድርጌ አልሠራም፤ ካልፈለጉኝ ይቅርብኝ።» ከዚያ እጇን ወደ አወቀ ዘረጋች። «ቁልፉን።»

«ለምን?»

«ኮፈኑን በሳሙና አጥቤ፣ ቅባቱን በአልኮል አውጥቼ መከላከያውን እንደ አዲስ እቀባለሁ። እዚሁ ታድራለች። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰሙን ቀብቼ አስረክብሃለሁ፤ ለሰርጉ ይደርሳል። ካልሆነ እንደዚሁ ዥንጉርጉር እንዳለች ንዳትና ከግቢዬ ውጣልኝ።»

አወቀ ቁልፉን እጇ ላይ ሳይሆን ኮፈኑ ላይ ወረወረው። የብርጓል ቀለሙ ተጭሮ እንደሆን አይታ፣ ደኅና መሆኑን ስታረጋግጥ አንስታ ኪሷ ከተተችው።

«እማ፣ ነይ እንሂድ።»

«አንተ ሂድ። እኔ እግሬን ላሳርፍ» አሉ እማማ ያለምወርቅ፣ ፊቱን ሳያዩት። አወቀ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ። አቶ ታረቀኝም «ነገ አንድ ሰዓት መጥቼ አያታለሁ» ብለው ወጡ። እሺም እንቢም አላሉም፤ የብርጓልም አልጠየቀቻቸውም።

ኮፈኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ በአልኮል ጨርቅ መላልሳ አበሰችው። የመጨረሻውን ጨርቅ አሽታ የቅቤ ሽታ ስታጣ መከላከያውን ስስ አድርጋ ቀባች። ስትጨርስ ቀትር አልፏል። እማማ ያለምወርቅ በርጩማው ላይ ሆነው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

«ብዙ አለፋሁሽ፣ ልጄ። ያ ምርቃት መርገም ሆነብሽ» አሉ። «ይኼን የተረፈውን ቅቤም መጣል ነው።»

«እርስዎ ምን አጠፉ፣ እማማ? ቅቤውም ምን አጠፋ።»

«እሱ እንኳ አፈረብኝ።»

ከግቢው በር ላይ አንድ ፒካፕ ጥሩምባ ነፋ፤ ባለመኪናው አንገቱን አውጥቶ «የኔን ታብሽልኛለሽ?» ሲል ጠየቃት። ቅባት የነካው እጅ ያን ቀን ቀለም እንደማይነካ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ዛሬ አልሠራም፣ ነገ ና» አለችው። ከዚያ ሻሿን ፈትታ እማማ ያለምወርቅ ፊት በርከክ አለች።

«የተረፈውን እኔን ይቀቡኝ።»