የጢማሙ ቤት

ጢማሙ ከታች ለመኖር የተፈጠረ ዓሣ ነው። ሆዱን አሸዋው ላይ ለጥፎ፣ ጢሙን ግራና ቀኝ እየላከ ሲዳብስ ይውላል፤ ላይ ምን እንዳለ ግድ የለውም። ስለዚህ ያን ቀን ከሥራ ገብቼ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ፣ ጢማሙ ውሃው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አፉን እየከፈተ አየር ሲጎርስ ሳየው ክው ብዬ ቀረሁ።

አማቴ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ፊታቸው ወደ ገንዳው ነው፤ ዓይናቸው ግን ተከድኗል። አላዩም።

«ዝም በል» አልኩት ዓሣውን በሹክሹክታ። እሱ መቼ ተናግሮ!

ይሄ ዓሣ እንዴት እቤታችን እንደገባ ልናገር። የማጸዳው የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ፍርሃቱን እንዲረሳ ብለው ትልቅ የመስታወት ገንዳ አስቀምጠዋል። ላይ ላይ የሚሄዱት ቀይና ቢጫ ዓሦች ቁንጅና አላቸው፤ ምግባር ግን የላቸውም። ጢማሙን ታች ድረስ ወርደው ይነክሱታል። ገንዳው ወለል ላይ ነጭ ጠጠርና አንድ የፕላስቲክ ቅጠል ብቻ ነው ያለው፤ መደበቂያ የሚባል ነገር የለም። ክንፉ አይጥ የበላው ጨርቅ መስሎ ቀረ።

«ይሄ አልቆለታል፤ አውጥተሽ ጣይው» አለኝ ሐኪሙ።

«አልጥልም።»

«እና ምን ልታደርጊው ነው?»

«ቤቴ እወስደዋለሁ።»

«እኔ እንኳ ጥርስ ቢኖረው እረዳው ነበር» ብሎ ሳቀ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ዕቃ ቤት ተጥሎ የነበረውን ትንሹን ገንዳ ከነአየር መንፊያው ሰጠኝ።

እቤት ያለነው እኔና አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ነን። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሲመጣ እንደ እንግዳ ነው የምናስተናግደው። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደበቁት። አንድ ቀን መወጣጫው ላይ ቆመው ድንጋይ አመለጣቸውና ከታች አሸዋ የሚያቀብል ሠራተኛ እግር ሥር ወደቀ። ሰውዬውን አልነካውም። እሳቸው ግን ምንም ሳይናገሩ ወረዱ፤ መዶሻቸውን፣ መሮአቸውን፣ የሲሚንቶ ማንኪያቸውን ጠራርገው በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለሉና አልጋ ሥር ከተቱ። ከዚያ ወዲያ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መቀመጥ ሆነ ሥራቸው። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው፣ ባሾፍባቸው፣ ወይ ፍንክች። እኔን ግትር ናት፣ በቅሎ ናት ይሉኛል፤ የሳቸውን የሚያይ የለም እንጂ።

ጢማሙን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩ ዕለት ግን አንገታቸውን አዞሩ። ዓሣው የገንዳው ጥግ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀርቅሮ ይርበተበታል።

«ቤት የለውም እኮ» አሉ።

«ዓሣ ነው አባባ። ቤቱ ውሃው ነው።»

«ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ቤቱ አየሩ ነው ልትዪኝ ነው? ጀርባውን የሚያስጠጋበት ግድግዳ ይፈልጋል። በቅሎ!»

በማግስቱ ጆንያው ከአልጋ ሥር ወጣ። ከሰፈራችን ታች ቤት ከሚሠሩት ሰዎች ቅንጥብጣቢ ድንጋይ ለምነው አመጡ፤ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ጭናቸው መሃል ቀርቅረው እስኪበርድለት እየጠበቁ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቤት ገነቡ። ሦስት ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ በር፣ ከላይ ድፍን ክዳን። በሲሚንቶ ነው የገነቡት፤ ግንበኛ ሌላ ምን ያውቃል? ሲደርቅ ገንዳው ውስጥ አስገባነው። ጢማሙ ዞረው፣ ዞረው፣ ከዚያ በጅራቱ በኩል ወደ ኋላ ገባና ጢሙን ብቻ በበሩ አወጣ።

አማቴ ሳቁ። ወንበሩን ወደ ገንዳው አዞሩት። ከስንት ጊዜ በኋላ እራታቸውን ጨርሰው ሳህኑን ሰጡኝ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ እንጂ ፊታቸው አላለቀስኩም፤ ለምን ብዬ!

እንግዲህ ዓሣው ቢሞት፣ ዓሣ ሞተ ተብሎ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። እሳቸው በሠሩት ቤት ከሞተ፣ ወንበሩ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ከዚያ ማንም አይመልሰውም። ይሄን እኔ እንደ ስሜ አውቀዋለሁ።

ያን ቀን አማቴ እንደተኙ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። እንደ ሳሙና ውሃ አሙለጨለጨኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ድንጋዮቹ የተያያዙበት መስመር ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ጢማሙ በእጄ ደንግጦ ቁልቁል ተወረወረና እቤቱ ገባ።

ስልኬን ይዤ ግቢ ወጣሁ። ምግቡን የምገዛበት ዓሣ ሻጭ ጋ ደወልኩ።

«መደበቂያውን በምንድነው የሠራችሁት?» አለኝ።

«በድንጋይ።»

«በድንጋይ ብቻ?»

«በሲሚንቶ ተያይዞ።»

«እትዬ፣ አዲስ ሲሚንቶ ነው?»

«አዲስ ነው። ግን ደርቋል እኮ!»

«መድረቁ ምን ይፈይዳል! ኖራው ውሃው ውስጥ እየለቀቀ ነው። ዓሣው እየተቃጠለ ነው። አሁኑኑ አውጪው!»

«ቤቱ ውስጥ ገብቷል። እስኪወጣ ልጠብቅ?»

«የፈራ ዓሣ ከዋሻው አይወጣም። ከጠበቅሽው ሬሳው ነው የሚወጣው። እንዳትጎትቺው ደግሞ! ክንፉን ወጥሮ ራሱን ይቆልፋል፤ ብትጎትቺው ይገነጠላል። ከነቤቱ፣ ከቧንቧ ተቀድቶ ያደረ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አድርጊና ቤቱን ክፈቺው።»

«በምን ልክፈተው? ግንብ ነው!»

«እሱን የገነባውን ሰው ጠይቂ» ብሎ ዘጋው።

የገነባውን ሰው ልጠይቅ! እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ሳይነቁ አወጣዋለሁ፣ እከፍተዋለሁ፣ ላጥበው ስል ወድቆ ተሰበረ እላለሁ። ከበርሜሉ ያደረ ውሃ ቀድቼ ሳፋው ላይ ሞላሁ፤ እንዳይበርደው ለብ ያለ ጨመርኩበት፤ በድንገት እንዳይለወጥበት ከራሱም ገንዳ ትንሽ ቀላቀልኩ። ከዚያ እጅጌዬን እስከ ብብቴ ሰብስቤ ሁለት እጄን ገንዳው ውስጥ ከተትኩ።

ቤቱ ከበደኝ። ውሃ ውስጥ እያለ እሺ ይላል፤ ጫፉ ከውሃ ብቅ ሲል እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይሆናል። ያን ከመስታወቱ ጋር ባጋጨው ገንዳውም ዓሣውም ወለሉ ላይ ነው። መለስኩት። እንደገና ያዝኩት። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን እያረግሽ ነው?»

ከኋላዬ ቆመዋል።

«ላጥበው ነው፣ አባባ።»

«በማታ ነው የምታጥቢው?»

«ቆሽሿል።»

መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ሳፋውን አዩ። ነጩን ዱቄት አዩ። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ከአውራ ጣታቸው ጋር አሻሹት። ሲሚንቶ ዕድሜ ልክ የነካ እጅ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

«ሲሚንቶው ነው» አሉ።

ቤቱን አጥብቄ ያዝኩ።

«መደበቂያ ይሁነው ብዬ… መቃብር ነው የገነባሁለት።» ድምፃቸው ወረደ። ዞሩና ወደ ወንበሩ መራመድ ጀመሩ። ወንበሩን መደገፊያው ላይ ያዙት፤ ወደ ግድግዳው ሊያዞሩት ነው።

እኔ ክንዴ ውሃ ውስጥ፣ ቤቱ እጄ ላይ። ልተወው አልችል፣ ልከተላቸው አልችል።

«እንዳይቀመጡ!» ብዬ ጮኽኩ። አግብቼ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ጮኼባቸው አላውቅም። «አልሞተም እኮ! ሰምተዋል? አልሞተም! እኔ ብቻዬን አልችለውም። ቢቀመጡ ያን ጊዜ ነው የሚሞተው!»

«እጄን አታዪም?»

«አያለሁ! የኔም ይኸው እየተንቀጠቀጠ ነው። ይምጡና አብረን እንንቀጥቀጥ!»

ሳቁ ልበል? ሳል ነው የሚመስለው። መጡ። ሁለት እጃቸውን ከሥሩ አስገቡ። «ሦስት ስል። አንድ፣ ሁለት…» ወጣ። ውሃው ጫማችን ላይ ፈሰሰ። ሳፋው ውስጥ ስናስቀምጠው ጠረጴዛው ጥርሱን አፋጨ።

በበሩ አጮለቅኩ። ጢማሙ ከውስጥ ጥጉ ላይ ተጣብቋል። ክንፎቹን ወጥሮ ግድግዳና ግድግዳ መሃል ራሱን ቸንክሯል። ጉንጩ የሚንቀሳቀሰው እየቆየ፣ እየቆየ ነው።

«ጆንያውን» አሉ።

አመጣሁ። መዶሻውንና መሮውን አወጡ። መሮውን በግራ፣ መዶሻውን በቀኝ ያዙ። መሮው ድንጋዩ ላይ እንደ ጥርስ ተንቀጫቀጨ። ዓሣው ሲርገበገብ አየነው።

«ሁለቱን አልችልም» አሉ። «አንቺ መሮውን ያዢ።»

መሮውን እኔ ያዝኩ ማለት፣ መዶሻው የሚያርፈው ጣቴ አጠገብ ነው። ይሄን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«የት ላድርገው? ክዳኑ ላይ?»

«ክዳኑ ከተመታ ላዩ ላይ ይወርድበታል።» በጣታቸው የኋላውን ግድግዳ ዳበሱ፤ ውሃ ውስጥ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከድንጋይ ድንጋይ። አንዱ ጋ ቆሙ። «እዚህ ጋ። እዚህ ጋ ስደርስ እጄ አስቸግሮኝ ነበር። ሲሚንቶው በደንብ አልገባም። አፍርሼ ልሠራው አስቤ ደከመኝና ተውኩት።»

መሮውን ጣታቸው ያለበት ላይ አሳረፍኩ። ጫፉ ወደ ውስጥ ጠልቆ ድንጋዩን ሲያገኝ ተሰማኝ። መሮው ረጅም ነው፤ ራሱ ከውሃው በላይ ነው፣ ጣቴም እዚያው።

መዶሻውን አነሱ። እጃቸው አየር ላይ ተንቀጠቀጠ። ጠበቁ። በረደ ስንል እንደገና ጀመረው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«አልጨፍንም።»

«በቅሎ!»

መቱ።

አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ከአናቴ እስከ እግሬ እሳት ወረደ። ጥርሴን ነክሼ መሮውን አልለቀቅኩም።

«ነካሁሽ?»

«አልነኩኝም። መሮውን ነው። ይድገሙ።»

«እውነት?»

«ይድገሙ አልኩ እኮ!»

ዓይኔን አዩኝ። እኔም ዓይናቸውን አየሁ፤ ውሸት ሲያስፈልግ ዓይን መስበር አያስፈልግም። መዶሻውን አነሱ፤ አሁን አልጠበቁም። መሮው አናት ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ደረቅ ዳቦ ቀሽ የሚል ነገር። የኋላው ድንጋይ ወደ ውጭ ጋደል አለ። በቀስታ ስበው አወጡት፤ ቀጥሎ ያለው ተከተለው። ግድግዳው ሲከፈት ክንፉ መደገፊያ አጣና ጢማሙ ጉልበት እንደሌለው ቅጠል ተንሳፎ ወጣ። በጎኑ ተኛ።

ፍርስራሹን አንስተን ጣልን። ውሃውን በጣሳ እየቀዳን፣ ካደረው ውሃ በዝግታ እየጨመርን ለወጥነው። ጢማሙ በጎኑ እንደተኛ ነው።

«ጨለማ ይፈልጋል» አሉ አማቴ። «እዚህ ሜዳ ላይ አይድንም።»

መስኮት ላይ የተሰነጠቀ የሸክላ የአበባ ማሰሮ ነበረኝ። አፈሩን አራግፌ ሰጠኋቸው። ጎኑን መሬት ላይ መትተው ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ሳፋው ውስጥ ልክተተው ስል እጄን ያዙ። «ቆይ። ጠርዙ ስለት ነው፤ ሆዱን ይቀደዋል።» ወለሉ ላይ ተቀመጡና ጠርዙን ድንጋይ ላይ ያሹ ጀመር። ለማሸት የሚንቀጠቀጥ እጅ ችግር የለውም። ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አዙረው ሲለሰልስላቸው፣ አጥበው፣ ሳፋው ውስጥ ደፉት፤ ልክ እንደ ትንሽ ጉልላት።

ጠበቅን። ጉንጩ ይከፈታል። ይቆያል። ይዘጋል። አማቴ እስትንፋሳቸውን ከሱ ጋር እኩል ያደረጉ መሰለኝ።

ከዚያ አንዱ ጢም ተንቀሳቀሰ። ሌላው ተከተለው። ጢማሙ ሆዱን ወደ ታች መለሰ፤ ወደቀ፤ እንደገና መለሰ። ወደ ኋላ፣ በጅራቱ በኩል፣ እየተንገዳገደ ሸክላው ሥር ገባ። ጢሙን ብቻ ወደ ውጭ ተወልን።

አማቴ ወለሉ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «ቀጣዩን ያለ ሲሚንቶ ነው የምሠራው» አሉ። «ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ተናክሶ። መሠረቱ ደግሞ አሸዋው ላይ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ይቀመጣል፤ ይሄ ሰውዬ መቆፈር ይወዳል፤ ሥሩን ምሶ ላዩ ላይ እንዳያወርደው።»

«እሺ አባባ።»

«ጠፍጣፋ ድንጋይ ነገ ታመጪልኛለሽ።»

«እሺ።»

ወለሉን ልወለውል ጨርቅ ሳነሳ እጄ ከዳኝና ጨርቁ ወደቀ። አማቴ ቀና አሉ። አውራ ጣቴ አብጧል፤ ጥፍሩ እንደ ወይን ጠቁሯል።

ረጅም ጊዜ አዩት።

«አልነኩኝም አላልሽም?»

«አልነኩኝም።»

«ይሄ ምንድነው ታዲያ?»

«ከሥራ ይዤው የመጣሁት ነው።»

ተነሱ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ከጆንያው ጫፍ ላይ ቁራጭ ቀደዱ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው ጣቴን መጠቅለል ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ልርዳዎት ስል እጄን ገፉት። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና አመለጣቸው። እኔም ዝም ብዬ ጣቴን ዘርግቼ ቆምኩ፤ እስኪቋጠር ድረስ የምሄድበት አልነበረኝም።