ስክሪን የሌለው ኮምፒዩተር

«እማ፣ እዚህ ጥግ የነበረው ሳጥን የት ሄደ?»

ሐሊማ ሙስበሃቸውን መቁጠር ሳያቆሙ ምራታቸውን ዋፊቃን ቀና ብለው አዩዋት። «የነስሮ ብረት? ሰደቃ ሰጠሁት። ያ ሚስኪን ቆራሌ ጠዋት በበር ሲያልፍ ጠራሁትና 'ለልጄ ዱዓ አድርግለት' ብዬ ከልብሱ ጋር ሰጠሁት። ምነው?»

«ምንም፣ እማ።»

ምን ትበል? ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ የሟችን ዕቃ ለድሃ መስጠት ደግሞ ወጉ ነው። እሳቸውስ ምን ያውቃሉ? ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ገመድ የተሰካበት አቧራ የጠጣ ቆርቆሮ! ማንም ሰው ከነስሮ ዕቃ መጀመሪያ የሚሰጠው እሱን ነው።

ጓዳ ገብታ ስልኳን ከፈተች። ፎቶዎቹ በነበሩበት ቦታ ግራጫ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

አይ ነስሮ! ፈረስ መጋላ አጠገብ ኮምፒዩተር ይጠግን ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን አሮጌ ኮምፒዩተር ተሸክሞ የመጣ ዕለት ዋፊቃ በሩ ላይ ነው የተቀበለችው።

«ቤቴን ቆሻሻ መጣያ ልታደርገው ነው?»

«ሰርቨር ነው እቴ! የቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ እዚህ ይገባል። ቤት ውስጥ ሆነሽ በዋይፋይ ስልክሽ ላይ ታዪዋለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ስልኳ በሞላ ቁጥር ሁሉንም ወደ ሳጥኑ ያሻግርና ስልኳን ባዶ ያደርግላታል። ቢበላሽስ ስትለው ይስቅባታል። «እኔ እያለሁ? ሌላ ዲስክ ሳገኝ ደግሞ ግልባጩን አስቀምጥልሻለሁ።» ከድሬዳዋ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ሌላውም ዲስክ አልተገኘ፣ እሱም አልተመለሰ።

ብዙውን ቪዲዮ ራሱ ስለቀረጸው ድምፁ እንጂ መልኩ የለበትም። ሁለቱም ያለበት አንድ ብቻ ነው፤ የሸዋሊድ በዓል ለት እናቱን እጃቸውን ጎትቶ ሲያስጨፍራቸው፣ እሳቸው «ተው አንተ!» ሲሉ፣ እሱ በሳቅ ሲፈርስ።

ባሏ ሞቶባት ዒዳ ላይ ያለች ሴት ከቤት አትወጣም። የነስሮን ወንድም ሳኒን ጠርታ በሹክሹክታ ነገረችው። «በአላህ ሩጥ! ሳጥኑን እንዳለ ግዛው።»

ሳኒ ቆራሌዎቹ ብረት ወደሚሸጡበት ወደ ኤረር በር በረረ። እሷ ከሴቶቹ መሃል ተመልሳ ተቀመጠች። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይሏታል፤ «አሚን» ትላለች፤ ጆሮዋ በሩ ላይ ነው። ስለ ሟቹ ደግነት ያወራሉ፤ አንዷም የምትለው አይገባትም። ሳጥኑን ብቻ መልስልኝ ያ ረቢ፣ ሌላ አልለምንህም ትላለች በልቧ።

ሳኒ ዓስር ከተሰገደ በኋላ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ፊቱን ስታይ ገባት።

«ቆራሌው ምንም ጥፋት የለበትም» አለ ጓዳ ገብቶ። «አልሙኒየሙን ለብቻው ስለሚሸጠው በመዶሻ ፈልቅቆታል።» የዲስኩ ሽፋን ተሰንጥቋል፣ በውስጡ ያለው የሚያብረቀርቅ ክብ ብረት ተጣጥፏል። «አዲስ አበባ ውስጡ ያለውን ፎቶ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም ይሆናል...»

«ተው ሳኒ። ወንድምህ ቢሆን ምን ይልህ ነበር?»

ሳኒ አቀረቀረ። «አይሆንም ይል ነበር» አለና ማልቀስ ጀመረ። እሷ ግን እንባዋ እንኳ እምቢ አላት። ነስሮ አሁን ገና የሞተ መሰላት።

«እማ እንዳይሰሙ» አለችው። «ለነፍሱ ብለው ነው የሰጡት። ቢያውቁ አይተርፉም።»

ሲመሽ፣ መግሪብ ላይ እንግዳው ሳሳ። ሐሊማ መደቡን መታ መታ አድርገው ጠሯት።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ አጠገቤ ሁኚ። ያንን ሲያስጨፍረኝ የነበረውን አሳዪኝ። አንድ ጊዜ ድምፁን ልስማው፣ ውስጤ ነደደ።»

«ባትሪው አልቋል፣ እማ።»

«ይሁን፣ ነገ ታሳዪኛለሽ። ሰደቃውንስ ደግ አደረግኩ አይደል?»

«ደግ አደረጉ። አላህ ይቀበልዎት።»

ከነጠላዋ ስር የስልኩን ማጥፊያ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች፤ መብራቱ እስኪጠፋ አልለቀቀችውም።