የመቶ ሜትሩ ሰሌዳ

ሹፌሩ ላፕቶፕ ልግዛ ሲል ቤተሰቡ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ባለቤቱ «እሰይ! ከአውቶቡስ ሌላ የሚወደው ነገር ተገኘለት» አለች። በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምትጠግነው ልጁም ቅዳሜዋን ሙሉ ሰጠችው። እሱ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ እህል በአፉ በቅጡ አልዞረም ነበር። ይህን ማንም ልብ አላለም። ደስ ያለው ቤት ምኑን ልብ ይላል!

ማክሰኞ የሆነው እንዲህ ነው። የከተማ አውቶቡሱን ጢም አድርጎ ጭኖ ሲነዳ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ገባች። ሹፌሩ አያት፤ ያውም በደንብ፣ በጊዜ። እግሩን ፍሬን እንዲረግጥ አዘዘው። እግሩ ግን እንደ ሰነፍ ተላላኪ ቆየት ብሎ ደረሰ። አውቶቡሱ ጃንጥላዋ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ተሳፋሪው ሴትዮዋን ሰድቦ እሱን አመሰገነ። «ሹፌር ማለት እንዲህ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ሲይዝ ምስጋና እንደዚያን ቀን መርሮት አያውቅም። ድሮ ቢሆን ሦስት እርምጃ ቀድሞ ይቆም እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ ደግሞ የቁልቁለቱን መስመር ሊጀምር ነው። አራት ዓመት ሙሉ የስምሪት ኃላፊውን ደጅ የጠናበት መስመር፣ ስልሳ ሰው የሚጭን አዲስ አውቶቡስ። ሐኪም ዘንድ ልሂድ ብሎ አስቦ ነበር። ግን ምን ብሎ ይናገራል? እግሬ ያረፍዳል? ምናልባት ድንጋጤ ነው፤ ምናልባት እንቅልፍ ማጣት። እርግጡን ሳያውቅ መሪውን በገዛ አፉ አሳልፎ ለመስጠት ሆዱ እምቢ አለው።

ያኔ ነው ደብተሩ ትዝ ያለው። ልጁ ተማሪ ሳለች፣ ቤት በነበረው ኮምፒውተር የመኪና ውድድር አብረው ይጫወቱ ነበር። ቀልድ የማያውቅ ጨዋታ ነው፤ እውነተኛ መሪና ፔዳል ይሰካለታል፣ ፍሬን ትንሽ ካሳለፍክ አሸዋ ውስጥ ይከትሃል። ሁልጊዜ የሚመርጡት አንድ መንገድ ነበር። ረጅሙ ቀጥታ የሚያልቅበት ቦታ ላይ «100» የሚል ሰሌዳ አለ፤ መታጠፊያው መቶ ሜትር ቀረው ማለት ነው። ሰሌዳው ጋ ፍሬን፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። እያንዳንዱን ዙር በልጁ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ይጽፈው ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት፣ ቢበዛ ከሠላሳ ዘጠኝ ሴኮንድ ነው። እግሩ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ምን እንደነበረ የሚመሰክርለት ሌላ ወረቀት የለውም፤ ዛሬ ምን እንደሆነ ደግሞ ያው ጨዋታ ይነግረዋል።

ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጠው ሰውዬ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ አንድ አወጣ።

«ይሄ ለእርስዎ ነው አባት። ሲያነሱት አይከብድዎትም።»

«ውበቱን ማን ጠየቀህ?» አለች ልጁ፣ ገልብጣ ሆዱን እያየች። «ጨዋታ የሚያስኬድ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ማራገቢያውም ለስሙ ያህል ነው። ያንን ወፍራሙን አምጣው።»

«እሱማ ጡብ ነው እህቴ!»

«ጡቡን አምጣው።»

ጡቡ መጣ። አራት ዓመት ያገለገለ፣ ጎኑ የተፋቀ፣ ሲከፈት የሚያጓራ ነገር ነው። ልጁ ግን ቀዳዳዎቹን ቆጥራ፣ ማራገቢያው ላይ ጆሮዋን ደቅና ፊቷ በራ።

«አዲስ ብንገዛስ?» አለ ሹፌሩ። «ኋላ በማሽኑ የተነሳ…»

«ለአሮጌ ጨዋታ በጣም አዲሱም ራስ ምታት ነው። ደካማው ግን ይብሳል። የኛው ጨዋታ ማሽኑ ሲደክምበት አይቆራረጥም፤ ሁሉንም ነገር ያዘገየዋል። መኪናውም ሰዓቱም አብረው ይንፏቀቃሉ። ቆጣሪው አንድ ደቂቃ ሲልህ የእጅ ሰዓትህ አንድ ደቂቃ ተኩል ሊልህ ይችላል።»

«ታዲያ ያ ውሸት ነዋ!»

«ጨዋታ ነው አባዬ!» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ቤት ሲደርሱ የድሮው መሪ ከአልጋ ሥር በአንሶላ እንደተጠቀለለ ወጣ። ልጁ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጥብቃ አሠረችው፤ ፔዳሎቹ እንዳይንሸራተቱም ከግድግዳው ጋር አስደገፈቻቸው። ጨዋታው ግን ሲከፍቱት ስክሪኑ ጠቆረና ቀረ። ሁለተኛም እንደዚያው። ሹፌሩ ይከፈት ብሎ ይጸልይ፣ አይከፈት ብሎ ይጸልይ፣ ለራሱም አልገባውም።

«ቆይ፣ ያለህበት ማሽን የድሮው ነው ብዬ ላታልለው» አለችና አንድ ሁለት ነገር ቀያየረች። መጠን አልፎ እንዳይፈጥንም ልጓም አበጀችለት። ሞተሩ ጮኸ። መንገዱ ብቅ አለ። ያው መንገድ፣ ያው ሰሌዳ።

የመጀመሪያው ዙር አሸዋ ውስጥ አለቀ። ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰባት ሆነ።

«ፔዳሉ ይይዛል» አለ። ልጁ ፔዳሉን ፈትታ የአሥራ አንድ ዓመት አቧራ አራገፈች። አርባ ስድስት። «መሪው ይዘገያል።» ሽቦውን ነቅላ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። አርባ ሰባት። «ስክሪኑ አንጸባረቀብኝ።» መጋረጃውን ዘጋች። አርባ ስድስት። ጎበዝ ልጅ መውለድ እዚህ ላይ ጎዳው፤ ሰበቡ ሁሉ አንድ በአንድ ተጠገነበት።

ልጁ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ባለቤቱ ካውያ ይዛ ከኋላው አለፈች፤ እሱ ዞር አላለም። ሰበብ ያለቀበት ሰው ሆኖ እንደገና ጀመረ። እና ምን ሆነ? ሰሌዳው ብቅ ሲል እግሩ ፍሬኑ ላይ ነበር። መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ እንዴት ደስ የሚል አስተጣጠፍ! ቆጣሪው አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት አለ።

«ሠላሳ ስምንት! እማዬ፣ ነይ እይ!» ልጁ እርጥብ እጇን ይዛ ዘለለች። ባለቤቱ ግማሽ የተተኮሰ ሸሚዝ እንደያዘች ሮጣ መጣች። ሹፌሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ድንጋጤ ነው! ማክሰኞ ዝም ብሎ ድንጋጤ ነበር! ዳቦ አምጡልኝ አለ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ገና አሁን ራበው። ሴቶቹ እየሳቁ ወደ ጓዳ ገቡ።

ዳቦውን እየጠበቀ አንድ ዙር ልድገም አለ። ቀጥታው ላይ ሲደርስ ጆሮው ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ወፍሯል። በከባድ ማርሽ ዳገት እንደያዘ መኪና ያቃስታል። ይህን ድምፅ ልጁ ላትሰማው ትችላለች፤ ባለቤቱም አትሰማውም። እሱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የበላው በሞተር ድምፅ ነው። ቆጣሪውንና የእጅ ሰዓቱን አስተያየ። ቆጣሪው ሠላሳ ሴኮንድ እስኪሞላ የእጁ ሰዓት አርባ አምስት ቆጠረ። ዞር ሲል የላፕቶፑ ቻርጀር መሬት ላይ ተጋድሟል። በቦታው የካውያው ገመድ ተሰክቷል።

ማሽኑ በባትሪ ላይ ነበር። ደክሞ ነበር። እሱን ያህል ደክሞለት ነበር።

ማንም አላየም። ቻርጀሩን መልሶ ቢሰካና ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም። ሠላሳ ስምንትን በደብተሩ ጀርባ ይጽፋል፣ ሰኞ የተተኮሰውን ሸሚዝ ይለብሳል። ፈራ፤ እንደዚያን ሰዓት ፈርቶ አያውቅም። ከጓዳ የልጁ ሳቅ ይሰማል። ጃንጥላዋ ትዝ አለችው። ሰማያዊ ነበረች፣ አንድ ዘንግዋ የተሰበረ። ያን ያህል ቀርቧት ነበር ማለት ነው፣ የተሰበረው ዘንግ እስኪታየው።

ጎንበስ ብሎ ካውያውን ነቀለ፣ ቻርጀሩን ሰካ።

ልጁ ዳቦውን ይዛ ስትመለስ ሞተሩ በቀጭን ድምፁ እየጮኸ ነበር። ሰሌዳው መጣ። ሰሌዳው አለፈ። ከዚያ በኋላ እግሩ ወረደ። አሸዋ። ደገመ። አርባ ሰባት። ሠለሰ፤ አሸዋ።

«አባዬ፣ ማሽኑን እንደገና ልየው?» አለች፤ ሳቋ ጠፍቷል።

«ማሽኑ ደህና ነው ልጄ። አንድም ያጎደልሽበት ነገር የለም።» መሪውን ለቀቀ። «እናትሽን ጥሪያትና ሁለታችሁም ቁጭ በሉ።»

ማክሰኞን ነገራቸው። ባለቤቱ ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችው። እስኪጨርስ ድረስ አንዴ ኮሌታውን፣ አንዴ እጅጌውን በመዳፏ ታስተካክል ነበር። «ለምን ብቻህን ተጨነቅህ?» አለችው በመጨረሻ።

ሰኞ ጠዋት ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። መስመሩን የሚመልስ ሰው የተጨማደደ ለብሶ አይሄድም ብላ ባለቤቱ ራሷ ናት የሰጠችው። ከስምሪት ኃላፊው ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ ልጁ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። አውቶቡስ ያዙና ከሹፌሩ ጀርባ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ ተሳፋሪ ሆኖ መንገድ ማየት አልለመደበትም፤ ዓይኑን ከፊት መስታወቱ መንቀል አቃተው።

ማቋረጫው ጋ አንድ ሽማግሌ ከእግረኛ መንገዱ ወረዱ። አያቸው፤ በደንብ፣ በጊዜ። ቀኝ እግሩ የአውቶቡሱን ወለል ረገጠ።

አውቶቡሱ ቀድሞት ቆሞ ነበር።