ባሕር ለማየት ካርታ አምጡ

ደብዳቤው የደረሰን ረቡዕ ዕለት ነው፤ ምሳ ተበልቶ፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ፣ ከተማው በተጋደመበት ሰዓት። ድሬዳዋ ውስጥ በዚያ ሙቀት የሰው በር የሚያንኳኳ ወይ አገሩን አያውቅም፣ ወይ በእንቅልፍ ልባችን አንድ ነገር ሊያስፈርመን ይፈልጋል። እኔ ሁለተኛውን ጠረጠርኩ። ሰውዬው ግን ምንም ፊርማ ሳይጠይቅ ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾልኮ ሄደ። ይህም አልተመቸኝም።

ከግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ባለፈው ወር በመልካ ጀብዱ መንገድ የተከፈተው «ሰማያዊ ዓለም» የተባለ ግዙፍ የመዝናኛ ፓርክ፣ ለግንባታው አሸዋ ሲመላለስ አቧራውን ችለን ለኖርን የደቻቱ ወንዝ ዳር ነዋሪዎች ምስጋና ያቀርባል። መጪው እሑድ የእኛ ቀን ነው። ለመግቢያም ለመጫወቻም አንከፍልም። ነዋሪነታችንን ለማረጋገጥ ግን መታወቂያችንንና የቤታችንን ካርታ፣ ዋናውን፣ ይዘን እንቅረብ።

«ዋናውን!» አልኩ። «ሰማችሁ? ኮፒውን አይደለም። ዋናውን!»

«ታዲያ ምን አለበት?» አለች ዘነበች። ዘነበች ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። «ኮፒ ማንም ያሠራል። ውሸታም በዝቷል።»

«እኔስ ምን እያልኩ ነው? ውሸታም በዝቷል! ቤት ልሸጥ አልሄድኩ፣ ቤት ልገዛ አልሄድኩ። መዥዋዠዌ ልሳፈር ነው! ለመዥዋዠዌ የቤት ካርታ የሚጠይቅ አገር የት አለ?»

«መምህር፣ አንተ ደግሞ መርፌ ሲወድቅ ሴራ ነው ትላለህ፤ አቦ!»

የምለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው የወንዝ ዳር ቤቶችን ለክተው፣ ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ከማን እንደተላኩ አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ይነሳል ይባላል። አንዱ ለጎርፉ ነው ይላል፣ ሌላው ለሆቴል ነው ይላል። እኔ ራሴ ሦስት ማመልከቻ ጽፌ የግቢውን ሰው አስፈርሜ አስገባሁ፤ ለሦስቱም መልስ የሰጠ የለም። አሁን መልስ ያልተሰጠው ሰፈር የሚስቅ ዶልፊን የተሳለበት ግብዣ ሲመጣለት ደስ ይበለው? ይባስ ብለው ከዶልፊኑ በታች በትልቁ «ባሕሩን ድሬ አመጣንላችሁ» ብለው ጽፈዋል። ማዕበል የሚያስነሳ ገንዳ ሠርተዋል ማለት ነው። የእኛ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ይንጠባጠባል፣ እነሱ ማዕበል ያስነሳሉ!

«ባሕር ነው ያልከው?» አለ አንድ ድምፅ ከግቢው ጥግ።

ኤዶ ሃሊሞ ናት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በግቢያችን እንዲያ ነው የሚጠራት። በአሮጌው ባቡር ዘመን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ እያመጣች ነግዳለች። አሁን ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ዓይኗንም ግላኮማ ይዞታል። የግራው ጠፍቷል። በቀኙ፣ በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው፣ መሀል መሀሉን ብቻ ታያለች። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓይኔ ሳይዘጋ ባሕር አንድ ጊዜ ልይ።

ጅቡቲ መሄድ አትችልም? አትችልም። አዲሱ ባቡር ፓስፖርት ይጠይቃል። ኤዶ ሃሊሞ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ድንበር ስትሻገር ፓስፖርት የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም፤ አሁን ልታወጣ ብትሄድ ከየት መጣሽ ብለው የሚጀምሩትን ጥያቄ ማን ይጨርሰዋል?

«ባሕር አይደለም ኤዶ» አልኳት። «ገንዳ ነው። በመብራት ኃይል የሚነቃነቅ ገንዳ።»

«ማዕበል አለው?»

«አለው ይላሉ። ግን ካርታሽን ይፈልጋሉ። ከሰጠሽ በኋላ ቤቴ ብትዪ ማን ይሰማሻል? ማንም ከዚህ ግቢ አይሄድም!»

«ዋሪያ፣ ስማ ይሳቅ» አለች፣ ረጋ ብላ፣ «አንተ ትምህርት ቤት ነው የምታዝዘው። እኔ እሑድ እሄዳለሁ።»

እንደምትሄድ አውቄያለሁ። ብቻዋን ከሄደች ደግሞ የሰጧትን ወረቀት ሁሉ ሳታይ ትፈርማለች፤ ማንበብ የማይችል ዓይን ይዛ ምን ታድርግ? ስለዚህ የቀረው አብሮ መሄድና ካርታዎቹን ማዳን ነው። ሱቁን ዘግቶ የተቀላቀለን የግቢያችን ባለሱቅ በድሩ ከአልጋ ሥር ይቀበሩ አለ። ሳይዙ መሄድ ግን በር ላይ መመለስ ነው። ዘነበች ጡቴ ሥር ሸጉጬው እገባለሁ አለች። መንገዱን ያገኘችው ኤዶ ሃሊሞ ናት።

«በባቡር ጊዜ እንዴት እንሠራ ነበር መሰላችሁ?» አለች። «ማንም ሴት የራሷን ዕቃ አትይዝም። የኔን ጨርቅ ጓደኛዬ ዞህራ ትይዛለች፣ የዞህራን እኔ እይዛለሁ። የጉምሩኩ ፊናንስ መጥቶ ‹ይሄ የማን ነው?› ሲል ወላሂ የኔ አይደለም እንላለን። ወላሂ ስንል እንኳ አልዋሸንም። ባለቤቱ የሌለበትን ዕቃ ይዞ ማንን ይከሳል?»

እኔ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው፣ ይህን ያህል ጥርት ያለ የሕግ ክርክር ከማንም ሰምቼ አላውቅም። የራሱ ባልሆነ ካርታ ላይ የፈረመ ሰው ፊርማው ዋጋ የለውም። ቢነጥቁትም የተነጠቀው ሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ ይመሰክራል። ወዲያው ወረቀት አውጥቼ ደለደልኩ። የኤዶ ሃሊሞን ካርታ እኔ እይዛለሁ፣ የእኔን በድሩ፣ የበድሩን ዘነበች፣ የዘነበችን ኤዶ ሃሊሞ።

«የኔን ለምን ዘነበች?» አለ በድሩ። «ባለፈው ያዋስኳት ብረት ድስት ቂጡ ተቃጥሎ ነው የመጣው።»

«ካርታህን ወጥ አልሠራበትም!» አለች ዘነበች። «አንተ ራስህ የመምህሩን ካርታ ስኳር እንዳትጠቀልልበት።»

ቅዳሜ ካርታ ተለዋወጥን። ከዚያ እያንዳንዳችን ቤታችን ገባን። እኔ የሰጠሁትን ካርታ አስቀድሜ በስልኬ ፊትና ጀርባውን አንስቼው ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ዘነበችም በድሩም አንስተዋል። በድሩማ ጥግ ላይ በእስክሪቢቶ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጥብ አድርጎበታል፣ የቀየሩበት እንደሆነ ሊያውቅ።

እሑድ ጧት ግቢውን የበድሩ ወንድም ሙመድ ከውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ። ለማንም እንዳይከፍት፣ ውኃ ቆጣሪ ላንብብ ለሚልም እንዳይከፍት ነገርኩት። ከዚያ አራታችን በአንድ ባጃጅ ተጣብበን ሄድን።

በሩ ላይ ጥላ ተዘርግቶ፣ ከጥላው ሥር አንዲት ወጣት ኮምፒውተር ይዛ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ ፊርዶስ የሚል ስም ተለጥፏል። ከኋላዋ መስኮት ያለው ትንሽ ቢሮ አለ፤ የሰው ካርታ ሁሉ በዚያ መስኮት ይገባል። ሲገባ አየሁ። ሲወጣ ግን ገና አላየሁም።

«መታወቂያና ካርታ» አለች ፊርዶስ።

ቀድማ የቀረበችው ዘነበች ናት። ፊርዶስ መታወቂያውን አየች፣ ካርታውን አየች፣ እንደገና መታወቂያውን አየች።

«ይሄ በድሩ የሚባል ሰው ካርታ ነው። ያንቺ የታለ?»

«የኔ አይደለም» አለች ዘነበች፣ እንደተባባልነው፣ በኩራት።

«አይደለም እኮ ነው የምልሽ!»

በድሩ ሊረዳት ብሎ የያዘውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ይሳቅ ይላል። ይሄስ የማን ነው?» አለች ፊርዶስ። «ወላሂ የኔ አይደለም!» አለ በድሩ። ከኋላው ኤዶ ሃሊሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «የኔም አይደለም!» አለችና የዘነበችን ካርታ ከፍ አድርጋ አሳየች። ሠላሳ ዓመት የተለማመደችው ነገር ነው፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ፊርዶስ ተነስታ ጥበቃውን ጠራች።

«ዛሬ እንዲህ ስትመጡ አሥራ ሁለተኞቹ ናችሁ» አለች። «ከሌላ ሰፈር እየመጣችሁ የሰው ካርታ ተከራይታችሁ ትገባላችሁ። ለዚህ ነው ዋናውን አምጡ ያልነው። ይኸው ዋናውንም ተከራያችሁት!»

ደሜ ፈላ። «እኛ ነን ሌባ?» አልኩ። «ከሁለት ዓመት በፊት ግድግዳችን ላይ ቁጥር የጻፈው ማን ነው? አሁን ካርታችንን በመስኮት የሚሰበስበው ማን ነው? በመጀመሪያ እዚያ ውስጥ ምን እንደምታደርጉበት በጽሑፍ አስረጂኝ!»

«ስካን አድርገን እንመልሳለን። ስንት ሰው ከየትኛው ሰፈር መጣ ብለን ሪፖርት እናደርጋለን።»

«ለማን?»

ፊርዶስ ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። አለማወቋ ከፊቷ ያስታውቃል። እኔ ደግሞ የማያውቅ ሰው ከሚዋሽ ሰው የበለጠ ያስፈራኛል፤ ውሸታሙን ቢያንስ ትከራከረዋለህ። ጥበቃው፣ ለድሬ እንግዳ የሆነ ሰው፣ «አባቴ፣ እርስዎ ይረጋጉ፤ ወይ የየራሳችሁን ካርታ ያዙ፣ ወይ ሰልፉን ልቀቁ» አለኝ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። እንሂድ አልኩ። እንዲህ ያለ ቦታ የማንንም ካርታ አላስነካም!

«ይሳቅ» አለች ኤዶ ሃሊሞ። «ካርታዬን ስጣት።»

«ኤዶ፣ ሰምተሻል እኮ! ለማን እንደሚሄድ እንኳ አታውቅም!»

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬ አልታመመም።»

«ቤትሽ ነው።»

«ቤቱን አይቼዋለሁ» አለች። «ዓይኔ በደህናው ጊዜ በደንብ አይቼዋለሁ። አሁን የማየው ሌላ ነው። ስጣት።»

ካርታው በእጄ ነው። እምቢ ብል ማንም አያስገድደኝም፤ እሷ ግን ከዚህ በር ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላም ሌላ ቀን መኖሩን የሚወስነው ዓይኗ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሰጠሁ። ስሟን ከመታወቂያዋ ጋር አመሳከሩ፣ ካርታው በመስኮቱ ገባ፣ እሷም በሩን አለፈች። ዘነበችና በድሩ የየራሳቸውን ከያዘላቸው ተቀብለው አቀረቡና ደግፈዋት ገቡ። እኔ የእኔን ከበድሩ ተቀብዬ ኪሴ ከትቼ እመስኮቱ ሥር ቀረሁ። የእሷ ወረቀት በገባበት ሳይወጣ ከዚያ ንቅንቅ አልልም።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ማሽን አለ፤ አንዱ ተበላሽቷል። አንድ ሰውዬ ካርታዎቹን እየደረደረ ይቀልዳል። የእሷን ከሥር አየሁት፣ ከዚያ ሌላ ተደረበበት፣ ከዚያ ጠፋብኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ከግንቡ ወዲያ በየጥቂት ደቂቃው ጡሩምባ ይነፋል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ከዚያ ከባድ የውኃ ድምፅ ይመጣል።

ዘነበች እየሮጠች መጣች፤ ቀሚሷ ርሷል። «መምህር፣ ቶሎ ና። ውኃው ውስጥ ቆማ መጨረሻው ላይ ግድግዳ አለ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?»

«አለ?»

«አለ እንጂ። ሰማያዊ ቀብተውታል። እሷ ግን አይታያትም። በድሩ አላውቅም አላት፣ እኔ መምህር ያውቃል ብዬ ሮጥኩ። ለዚህ ብቻ ያስገቡሃል፣ ለፊርዶስ ነግሬያታለሁ።»

መስኮቱን አየሁ። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶኛል። ሄድኩ።

ኤዶ ሃሊሞ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ናት። በበድሩ ክንድ ተደግፋ፣ ጭንቅላቷን ሳታዞር፣ በዚያች ቀዳዳዋ ፊት ለፊት ታያለች። ግድግዳው ስልሳ እርምጃ አይሞላም። የፓርኩ ስም ከነዶልፊኑ ተጽፎበታል፤ እኔ እያንዳንዱን ፊደል አነባለሁ። ተማሪዎቼን ውሸት ስትሰሙ ተነስታችሁ ተናገሩ እያልኩ ፀጉሬ ሸብቷል። ያን ግድግዳ ያቆመውን ሰው በስሙ ጠርቼ ብሰድበው ደስ ባለኝ ነበር።

«ይሳቅ ነህ? ወዲያ መጨረሻው ላይ ግድግዳ አለ?»

«የለም» አልኳት። «እኔ እስከማየው ድረስ ውኃ ነው።»

ጆሮዋን ወደ ውኃው ዘንበል አደረገች። ከዚያ ትከሻዋ በሳቅ ተነቃነቀ።

«ወላሂ ትዋሻለህ! ሄዶ ሲመታው ሰምቻለሁ። የጅቡቲው እንዲህ ቶሎ አይመለስም።»

«ካወቅሽ ለምን ትጠይቂናለሽ?»

«ከናንተ ውስጥ የሚዋሸኝ ማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ። ዘነበች ሸሸች፣ በድሩ አላውቅም አለ። አንተን ግን አልጠረጠርኩም ነበር።» ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «ካርታዬስ?»

«መስኮቱ ጋ ነው። ውስጥ።»

«ማን እየጠበቀው?»

«ማንም።»

«ሀዬ! አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነስተኸን፣ አሁን ማንም ትለኛለህ? ሂድ አምጣ። እኔ ከዚህ የትም አልሄድም።»

ጡሩምባው ነፋ። የበድሩን ክንድ ለቀቀች፣ ድሪያ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ለመሄድ ዞሬ ነበር፤ ማዕበሉ እስኪደርስባት ድረስ ግን ቆምኩ።