በምስማር የተጫረች ምልክት

ብየዳ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ይህን ትቼ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል።

እናታችን «እህትህን ሙያ አስይዛት፣ ቤት ውስጥ ሻግታ ልትቀር ነው» ብትለው፣ እሺ ብሎ ወደሚሠራበት ወርክሾፕ ወሰደኝ። በምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ሲወጡ፣ ማሽኑን ይለቅልኛል። የመጀመሪያ ቀን፣ ኃይሉ ከሚጨመርበት ማዞሪያ ዳር በምስማር መስመር ጫረልኝ።

«እዚህች ላይ ነው የምትሠሪው። ካለፍሻት ብረቱንም ራስሽንም ታቃጥያለሽ።»

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ።»

አራት ወር ሙሉ አላለፍኳትም። ልጆቼ፣ የሚያምኑት ሰው ቃል እንዲህ ነው የሚጠበቀው። እጄም ተፍታታ። ብየዳው ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት በመዶሻ ሳራግፍ፣ ከሥሩ የሚወጣው መስመር እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነበር። ወንድሜ አየት ያደርግና «የእህቴ እጅ እኮ ጥልፍ ነው» ይለኛል። ደስ ሲለኝ ለጉድ ነው። ብቻ አንድ ነገር ነበር፤ እሱ ሲበይድ ማሽኑ ይጎረንናል፣ እኔ ስይዘው እንደ ንብ ነው። ማሽንም ሰው ለይቶ ያከብራል ብዬ ስቄ አለፍኩት።

በኋላ የወርክሾፑ አለቃ አንድ በያጅ ፈለገና ሊፈትነኝ ጠራኝ። ካለፍኩ ሥራ ያዝኩ፣ ከወደቅኩ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ወፍራም ላሜራ ሰጠኝ፤ በዚያው ማሽን፣ በዚያችው ምልክት በየድኩ።

«ይሄማ ለሙሽራ አንገት ነው» አለ አንዱ በያጅ።

አለቃው ሞርሳ በሚሉት የብረት መያዣ ላይ አስሮ በመዶሻ አንዴ መታው። እንደ ብስኩት ለሁለት ተከፈለ።

«ላዩን ነው የቀባሽው፣ ልጄ። ብረቱ ውስጥ አልገባም። በዚህ ኃይል ወፍራም ብረት ይበየዳል ያለሽ ማነው?»

ወንድሜን አየሁት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር አልነበረውም።

ያኔ የማሽኑ መጎርነን ትዝ አለኝ። እሱ ሲበይድ ያልፋታል፣ ለእኔ ሲሆን ማዞሪያውን ወደ ምልክቷ ይመልሰዋል።

«በራሴ ነው የተማርኩት» አልኩ። «ሌላ ላሜራ ይስጡኝ።»

ማዞሪያውን ከምልክቷ አሳለፍኩት። ማሽኑ ጎረነነ። የወጣው መስመር የተንጨባረረ፣ መልክ የሌለው ነበር። አለቃው አንዴ መታው፣ ደገመው፣ ሠለሰው። ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም።

«መልኩ ያስጠላል» አለ። «ነገ በጠዋት ነይ።»

ወደ ቤት ስንሄድ ወንድሜ ቀስ ብሎ አወራ። «እማዬን እንቢ ማለት አቃተኝ። ምልክቷን ዝቅ አድርጌ የጫርኩት፣ ካልሆነልሽ በራስሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው። ላንቺው አስቤ።»

«ያን ሁሉ ቀን እጅሽ ጥልፍ ነው ያልከኝስ?»

እርምጃውን ፈጠን አድርጎ ቀደመኝ።

ይኸው አርጅተን እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን፤ ሲታመም አስታምሜዋለሁ፣ ልጆቹን ድሬያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወንድም ጋሼ ብዬው አላውቅም። በስሙ ነው የምጠራው። እሱም ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።